የጉልበት ካርቲሌጅ ኦፕራሲዮን፦ ከመግባታችሁ በፊትም ከወጣችሁ በኋላም የምትጠይቁኝ ነገሮች

ስራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፣ አዲስ አበባ። ኦፕራሲዮኑን የሚሰሩት ሌሎች ናቸው፣ እኔ ጋ የምትመጡት ከዛ በኋላ ክራንች ይዛችሁ ፊታችሁን አጨፍግጋችሁ ነው። ሁሌ የሚገርመኝ ነገር፣ ሰው ስንት እንደከፈለ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ሀኪሙ ምን አይነት ሰው እንደሆነ ሁሉ ይነግረኛል፣ "ምን ተሰራልህ?" ስለው ግን "ጉልበቴን" ይለኛል። በቃ። ጉልበት ውስጥ የሚሰራው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ከታች ያሉት በስልክም በአካልም በየሳምንቱ የምጠየቃቸው ናቸው፣ የግማሾቹ መልስ "የተሰራላችሁ የቱ ነው?" ላይ ስለሚንጠለጠል እሱን ደጋግሜ ባነሳ አትቀየሙኝ።

ካርቲሌጅ የሚባለው ራሱ ምንድነው? ከሚኒስከስ ይለያል እንዴ?

ይለያል። ዶሮ ስትበሉ የእግሩ አጥንት ጫፍ ላይ ያለውን ነጭ፣ የሚያንሸራትት፣ ጥርስ ስር ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ታውቁታላችሁ አይደል፣ ካርቲሌጅ እሱ ነው። የኛ ጉልበት ውስጥም የጭን አጥንት ጫፍ፣ የቅልጥም አጥንት አናትና የጉልበት ሎሚ የምንላት አጥንት ጀርባ በሱ ነው የተሸፈኑት፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ደም ስር የለውም፣ ነርቭም የለውም። ደም ስለሌለው ሲላጥ ራሱን አይጠግንም፣ ነርቭ ስለሌለው ደግሞ ሲላጥ አይነግራችሁም፣ ህመም የሚሰማችሁ ከስሩ ያለው አጥንትና ዙሪያው ያለው ሽፋን ሲቆጣ ነው፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው "ትናንት ደህና ነበርኩ እኮ" የሚለው።

ሚኒስከስ ደግሞ በሁለቱ አጥንቶች መሃል የተቀመጠ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ትራስ ነው፣ አንድ ጉልበት ውስጥ ሁለት አለ። እሱም የካርቲሌጅ ዘመድ ነው ግን ጎማ ጎማ ይላል። የውጪው ጠርዝ ደም ያገኛል፣ ወደ ውስጥ ያለው አያገኝም። ስለዚህ ጠርዙ ላይ የተቀደደ ሲሰፋ የመዳን እድል አለው፣ ውስጥ ውስጡን የተቀደደው ግን ብዙ ጊዜ ተከርክሞ ነው የሚወጣው።

"የጉልበትሽ ፈሳሽ አልቋል" ተባልኩ፣ ፈሳሽ ቢጨመርልኝ አይሻልም?

ፈሳሹ አላለቀም። እንደውም የተጎዳ ጉልበት ብዙ ጊዜ ፈሳሽ ይበዛበታል፣ የሚያብጠውም ለዛ ነው። "አልቋል" ሲባል ራጁ ላይ በሁለቱ አጥንቶች መሃል ያለው ክፍተት ጠቧል ማለት ነው፣ ያንን ክፍተት ይሞላ የነበረው ካርቲሌጁ ነው፣ ራጅ ላይ ስለማይታይ ባዶ ይመስላል እንጂ። የሚወጋ ጄል አለ፣ አንዳንዱን ለጥቂት ወር ያቀልለታል፣ ሌላው ምንም አያገኝበትም፣ ካርቲሌጅ ግን አያበቅልም።

ሀኪሙን ምን ብዬ ልጠይቀው? የኦፕራሲዮን አይነቱ ይህን ያህል ለውጥ አለው?

ዋናው ይሄ ነው፣ ሌላውን ብትዘሉት እንኳን ይሄን አንብቡት።

አብዛኞቹ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፣ ጉልበታችሁ ላይ ሁለት ወይ ሶስት አንድ ሴንቲ የማትሞላ ቀዳዳ፣ በአንዷ ካሜራ ገብቶ በሌላኛዋ መሳሪያ። ውስጥ የተሰራው ግን እንደሚከተለው ይለያያል።

ሚኒስከሱ ተከርክሞ ከሆነ የሚድን ስፌት ውስጥ የለም፣ ያንኑ ቀን ወይ በማግስቱ ትረግጣላችሁ፣ ብዙ ሰው በሳምንት ሁለት ሳምንት ክራንቹን ይጥላል። ሚኒስከሱ ተሰፍቶ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ ክሩ እስኪይዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አረጋገጣችሁም አተጣጠፋችሁም ይገደባል፣ ብዙ ሀኪሞች ከ90 ዲግሪ በላይ አትጠፉ ይላሉ፣ ቁጢጥ ማለት ደግሞ ለወራት የለም።

ማይክሮፍራክቸር የሚባል አለ፣ ሪቻርድ ስቴድማን የሚባሉ ሀኪም ኮሎራዶ ውስጥ በ1980ዎቹ ያመጡት ነው። ካርቲሌጁ የተላጠበት ቦታ ላይ አጥንቱን በቀጭን መውጊያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርጉታል፣ በቀዳዳዎቹ መሃል 3 ወይ 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው ያለው፣ ከዛ ከአጥንቱ መቅኔ ደም ይወጣና የተላጠውን ቦታ ሞልቶ ይረጋል፣ ያ የረጋ ደም ቀስ በቀስ ወደ ጠባሳ አይነት ካርቲሌጅ ይለወጣል። እንደ መጀመሪያው አይሆንም፣ ግን ባዶ አጥንት ከአጥንት ከሚፋጭ ይሻላል። አስቡት እንግዲህ፣ መጀመሪያ ላይ እዛ ያለው የረጋ ደም ብቻ ነው፣ ቆማችሁ ብትሄዱበት ይፋቃል። ስለዚህ የተነካው የጭን አጥንቱ ጫፍ ላይ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት እግሩ ላይ ክብደት አይጣልም። የተሰራው ሎሚዋ ጀርባ ላይ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው፣ እግራችሁን ቀጥ የሚያደርግ ድጋፍ አስራችሁ መርገጥ ሊፈቀድ ይችላል፣ የሚከለከለው ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ክብደት መጣሉ ነው። አያችሁ፣ አንድ ስም ያለው ኦፕራሲዮን እንኳን እንደ ቦታው ሁለት አይነት ማገገሚያ አለው።

ከዛ ደግሞ ከራሳችሁ ጉልበት ብዙ ሸክም ከማይሸከም ቦታ አጥንትና ካርቲሌጅ እንደ ቡሽ ተነቅሎ የተጎዳው ቦታ ላይ የሚተከልበት አለ። ሴል ወስደው ላብራቶሪ ውስጥ አሳድገው የሚመልሱትም አለ፣ ይሄኛው ስዊድን ጎተንበርግ የተጀመረ ነው፣ በ1994 የመጀመሪያዎቹን 23 ታካሚዎች ውጤት አሳትመዋል። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችሁ "ማሲ" የሚሉት የዚሁ ልጅ ነው፣ ሴሎቹ ስስ ሽፋን ላይ ተዘርተው ነው የሚመጡት፣ እዛ የተፈቀደው በ2016 መጨረሻ ነው። ሁለት ኦፕራሲዮን ይፈልጋል፣ አንድ ለመውሰድ አንድ ለመመለስ።

ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ ወረቀት ላይ እንዲጻፍላችሁ የምትጠይቁት፦ ምን ተሰራ፣ የትኛው ቦታ ላይ፣ የተጎዳው ስፋቱ ስንት ነው፣ መቼ ምን ያህል ልርገጥ፣ እስከ ስንት ዲግሪ ልጠፍ። የካሜራውን ፎቶም በፍላሽ ለምኑ፣ ይሰጧችኋል። ይሄ ወረቀት ሳይኖር እኔ ጋ ስትመጡ ለሀኪሙ እየደወልኩ ነው ግማሽ ቀን የሚያልቀው፣ ሀኪሙ ደግሞ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው።

ባልሰራውስ?

ዕድሜያችሁ ይወስነዋል ማለት ይቻላል። ኳስ ሜዳ ላይ ተጠማዞ ተቀዶ ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋም ያለ የ22 አመት ልጅና ቀስ በቀስ ያመማቸው የ55 አመት እናት አንድ አይደሉም። ፊንላንድ ውስጥ ተሰርቶ በ2013 የወጣ ጥናት አለ፣ 146 ሰዎች ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 65፣ ሚኒስከሳቸው በእርጅና የተቀደደ ግን መገጣጠሚያው ገና ያልተበላ። ለግማሾቹ ሚኒስከሱን ከረከሙላቸው፣ ለግማሾቹ ካሜራ አስገብተው የሰሩ አስመስለው ዘጉት። ከአመት በኋላ ልዩነት የለም። ስለዚህ እማማን ኤምአርአይ ላይ "ቅዳጅ አለ" ስላለ ብቻ አትጎትቷቸው፣ መጀመሪያ ለሶስት ወር የምር የሆነ ስፖርት፣ ክብደት ካለ ክብደት መቀነስ። አንድ ኪሎ ስትቀንሱ ጉልበታችሁ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚቀልለት አራት ኪሎ ገደማ ነው።

ቀጠሮ ተይዞልኛል፣ አንድ ወር አለኝ። ከአሁኑ ምን ላድርግ?

የጭን ጡንቻ። ጉልበት ሲያብጥ የፊተኛው የጭን ጡንቻ ወዲያው ይተኛል፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ መቀስቀስ ደግሞ መከራ ነው፣ ስለዚህ ሳይተኛ ስሩበት። አልጋ ላይ እግራችሁን ዘርግታችሁ የጉልበታችሁን ጀርባ ወደ ፍራሹ ተጫኑ፣ 5 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ አስር ጊዜ፣ በቀን ሶስት አራቴ። ከዛ እግሩን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ጉልበቱ ሳይታጠፍ። ጂም መሄድ አያስፈልግም።

ክራንቹን ቀድማችሁ ግዙ ወይ ተዋሱ፣ ተለማመዱበትም። ማደንዘዣው ሳይለቃችሁ ኮሪደር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ክራንች መያዝ ለመውደቅ ነው። ቁመቱ ብብታችሁ ስር ሁለት ሶስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው፣ ክብደታችሁን የሚሸከመው እጃችሁ ነው እንጂ ብብታችሁ አይደለም፣ ብብት ላይ ተንጠልጥሎ እጁ የደነዘዘ ሰው ስንቴ አይቻለሁ።

ቤት ውስጥ ምንጣፍና የተዘረጋ ገመድ አንሱ፣ ቁጭ የሚባልበት ከፍ ያለ ወንበር ይኑር፣ በርጩማና ዱካ ለጊዜው ይቅርባችሁ፣ ቡና ስታፈሉም እንግዳ ሆናችሁም።

ሲጋራ የምታጨሱ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት አቁሙ፣ ቁስልም አጥንትም በደም ነው የሚድነው፣ ሲጋራ ደግሞ ደም ስሩን ያጠባል። ጫት የምትቅሙ ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩት፣ አትፈሩ አይቆጣችሁም፣ የልብ ምትና ግፊት ስለሚጨምር ማወቅ አለበት። ስኳር ያለባችሁ ስኳራችሁን አስተካክላችሁ ግቡ፣ የኢንሱሊኑንና የኪኒኑን ነገር ለዛ ቀን ሀኪም ይወስን። ደም የሚያቀጥን መድሃኒት፣ አስፕሪንም ጭምር፣ የምትወስዱ በራሳችሁ እንዳታቆሙ በራሳችሁም እንዳትቀጥሉ፣ ጠይቁ። በቅርብ ወራት ጉልበታችሁ ላይ መርፌ ተወግታችሁ ከነበረ እሱንም ተናገሩ፣ የኢንፌክሽን ነገር አለው። ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርት በብዛት እንደ መድሃኒት የምትወስዱም እንደዛው፣ "መድሃኒት ትወስጃለሽ?" ሲባል "አልወስድም" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ሶስት ብልቃጥ ዘይት የያዘች አለች።

እዛው ቀን ጠዋት ቡና እንኳን አይቻልም?

አይቻልም ብላችሁ ያዙት። በአጠቃላይ ምግብ ለኦፕራሲዮኑ ስድስት ሰዓት ሲቀር ይቆማል፣ ቅባት የበዛበት ከሆነ ስምንት ሰዓት ሲቀር፣ ንጹህ ውሃ ሁለት ሰዓት እስኪቀር ድረስ ይፈቀዳል፣ ግን ተራው መቼ እንደሚደርሳችሁ ስለማይታወቅ ብዙ ቦታ "ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም" ይላሉ፣ ያሏችሁን አክብሩ። ወላጆቻችን "ባዶ ሆዱን እንዴት ይገባል" ብለው ጠዋት ገንፎ ደብቀው ያበሉት ልጅ ተመልሶ ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቶታል።

የጥፍር ቀለምና ጥፍር ላይ ያለ ሂና ይነሳ፣ ጣት ላይ የምትሰካው ኦክስጅን መለኪያ ታምታታለች። ጉልበታችሁን ቤት ውስጥ በምላጭ አትላጩ፣ ትንሽ ጭረት ካለ ኢንፌክሽን ይገባል ብለው ሊመልሷችሁ ይችላሉ፣ ካስፈለገ እዛው በማሽን ይነሳል። ለምትሰራው እግር ደግሞ ምልክት ሲደረግ ንቁ ሁኑ፣ ግራ ነው ቀኝ ነው ብለው አስር ጊዜ ቢጠይቋችሁ አትሳቁባቸው፣ ስራቸው ነው።

ለማደንዘዣ የሚሰጠው የወገብ መርፌ ወገቤን ለዘላለም ያበላሸዋል ይባላል?

አያበላሸውም። መርፌው የሚገባበት ቦታ ለቀናት ሊያም ይችላል፣ ጥቂት ሰው ደግሞ ቁጭ ሲል የሚብስ ሲተኛ የሚተው ራስ ምታት ይይዘዋል፣ እሱም የሚታከም ነው። ሙሉ ማደንዘዣም አማራጭ ነው። ወገቤን ያመመኝ መርፌው ነው የሚሉኝ አብዛኞቹ ስድስት ሳምንት ሶፋ ላይ ጎብጠው ስልክ ሲነካኩ የከረሙ ናቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ምን ልጠብቅ?

እብጠትና ህመም፣ ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ይብሳል ምክንያቱም ማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ አትደንግጡ። እግሩን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጋችሁ ተኙ። እዚህ ጋ ነው ትልቁ ስህተት፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በፍቅር ትራስ አምጥቶ ጉልበት ስር ይከታል። ጉልበት ስር አይደለም! ተረከዝ ስር ነው። ጉልበት ስር ትራስ ሲደረግ ደስ ይላል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል፣ ቀጥ የማይል ጉልበት ደግሞ ከማይታጠፍ ጉልበት የባሰ ነው፣ ሲሄዱ ያስነክሳል።

በረዶ፣ በሃይላንድ ውሃ አቀዝቅዛችሁም ይሆናል፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ 15 ወይ 20 ደቂቃ፣ በየሁለት ሶስት ሰዓቱ። በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉ። ቁርጭምጭሚታችሁን ደግሞ ነዳጅ እንደሚረግጥ ሰው ወደታች ወደላይ እያደረጋችሁ አንቀሳቅሱ፣ ነቅታችሁ ባላችሁበት ሰዓት ሁሉ፣ ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ ነው።

ኪኒኑን ህመሙ ሲብስ ብቻ አትጠብቁ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሰዓቱ። ጨጓራ ያለባችሁ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሲታዘዝላችሁ ተናገሩ። ትራማዶል ከታዘዘ ለጥቂት ቀን ነው፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያስለምዳልም።

ሌላ ደግሞ ጠያቂ። እግዜር ይማርህ ሊል የመጣ ሰው ሁሉ ይጨዋወታል፣ እናንተም ለክብሩ እግራችሁን አውርዳችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ማታ ጉልበቱ እንደ ዱባ ነው። እግራችሁን ሰቅላችሁ ተቀበሏቸው፣ ብርቱካኑን እንደሆነ ያስቀምጡታል።

ትንሽ ትንሽ ብረግጥ ምን አለበት?

ምን ተሰራልህ? ሚኒስከስ ከተከረከመ ርገጥ። ከተሰፋ ወይ ማይክሮፍራክቸር ከሆነ በወረቀቱ። "ጣት ብቻ መንካት" ከተባላችሁ ጣታችሁ ስር ያለች ጉንዳን አትሙት፣ ይሄው ነው መለኪያው። የሚያታልለው ደግሞ ሶስተኛው ሳምንት ላይ ህመሙ መጥፋቱ ነው፣ ካርቲሌጅ ነርቭ የለውም ብለን የለ፣ እና አለማመሙ ድኗል ማለት አይደለም። የጎረቤት ልጅ በሁለት ሳምንት ኳስ ጀመረ ሲሏችሁ የሱ ተከርክሞ ይሆናል፣ የናንተ ደግሞ ተሰፍቶ።

አለመርገጥ ማለት ደግሞ አለማንቀሳቀስ አይደለም። ማይክሮፍራክቸር የተሰራለት ጉልበት ክብደት ሳይጫንበት ብዙ እንዲታጠፍና እንዲዘረጋ ይፈለጋል፣ አዲሱ ካርቲሌጅ ምግቡን የሚያገኘው በመንቀሳቀስ ነው። ውጭ አገር በቀን 6 እስከ 8 ሰዓት እግር የሚያጥፍ የሚዘረጋ ማሽን ያስራሉ። ማሽን ከሌለ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ደህናውን እግር ከታመመው ስር አድርጋችሁ በሱ እያነሳችሁ እያወረዳችሁ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ፊልም እያያችሁም ይሆናል። ሴራሚክ ላይ ካልሲ አድርጎ ተረከዝን ማንሸራተትም ያው ነው።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ሊፍት የለም። ምን ይሻለኛል?

ከተቻለ ለሁለት ሶስት ሳምንት ምድር ቤት ያለ ዘመድ ጋ ሁኑ። ካልተቻለ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ክራንቹና የታመመው ይከተላሉ፣ ሲወረድ ክራንቹና የታመመው ይቀድማሉ ደህናው ይከተላል። በአንድ እጅ መደገፊያውን ያዙ፣ ሁለተኛውን ክራንች ሌላ ሰው ይያዝላችሁ። መርገጥ ጭራሽ ከተከለከላችሁ ደግሞ ደረጃው ላይ በቂጥ ቁጭ እያሉ መውጣት ነው፣ ያሳፍራል ግን ማንም አልወደቀበትም። አንድ ክራንች ብቻ ስትቀሩ በደህናው እግር በኩል ነው የሚያዘው፣ ሁሉም ሰው በተቃራኒው ነው የሚይዘው።

ሽንት ቤታችን የመሬት ነው...

ይሄን አፍሮ የማይጠይቅ ሰው ነው ብዙውን ጊዜ ስፌቱን የሚበጥሰው። ቁጢጥ ስትሉ ጉልበት እስከመጨረሻው ይታጠፋል፣ ከዛ ላይ በአንድ እግር መነሳት አለ፣ ሚኒስከስ ለተሰፋለት ሰው ከዚህ የባሰ እንቅስቃሴ የለም። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር መሃሉን ቀዳችሁ ከቀዳዳው በላይ ማስቀመጥ፣ እግሮቹ የማይንሸራተቱበት ቦታ ላይ፣ የታመመውን እግር ወደፊት ዘርግቶ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት አዘጋጁት፣ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁም ሞክሩት።

ወጌሻ ትንሽ ቢያሸኝስ?

አይሆንም። ለወለቀ ጣት ምናምን የራሳችሁ ጉዳይ ነው፣ የተሰፋ ወይ ገና ደም የረጋበት ጉልበት ግን በቅቤ እየታሸ ሲጠማዘዝ የተሰራው ሁሉ ይፈርሳል። በዛ ላይ ያበጠው ባት ውስጥ የረጋ ደም ካለ ማሸቱ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል፣ ይሄ ለነፍስ የሚያሰጋ ነው።

ጸበል መጠመቅ መቼ እችላለሁ? ሻወርስ?

ቁስሉ ደርቆ ስፌቱ እስኪወጣ፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ አታርጥቡት። ሻወር በፌስታልና በፕላስተር ጥብቅ አድርጋችሁ ይሆናል። ጸበሉን እስከዛ ጠጡት።

የቅልጥም ሾርባ ካርቲሌጅ ይተካል? ጾም ላይ ከሆንኩስ?

አይተካም፣ ሆድ ውስጥ ሲገባ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል እንጂ ቀጥ ብሎ ጉልበት አይሄድም። ግን ፕሮቲን ለቁስልም ለጡንቻም ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ከወደዳችሁት ጠጡት፣ ቅባቱ እንዳይበዛ። ጾመኛ ከሆናችሁ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተር በየምግቡ ይኑር፣ ቲማቲም ለብለብና ዳቦ ብቻ እየበላችሁ ጡንቻ አይመለስም። ኪኒን በባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መያዝም ጨጓራን ያቃጥላል፣ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ለህመምተኛ መንገድ አላቸው። ረመዳን ላይ ያላችሁም እንደዛው፣ ለታመመ ሰው ቀዳ ማውጣት አለ።

ስግደትና ሶላትስ?

ከሁሉም ወደኋላ የሚመጣው ተንበርክኮ መሬት መንካት ነው። ተከርክሞ ከሆነ ከሳምንታት በኋላ ወፍራም ነገር አንጥፋችሁ ትሞክራላችሁ፣ የተሰፋና ካርቲሌጅ የተሰራበት ግን ከወራት በኋላ ነው፣ ያውም ሀኪም ሲል። ቀዳዳዎቹ የነበሩበት ቆዳ ራሱ ለረጅም ጊዜ ሲነካ ይቆረቁራል፣ ያ ችግር አይደለም። እስከዛ ሶላት ወንበር ላይ ይሰገዳል፣ ቤተክርስቲያን ደግሞ መቋሚያ አለላችሁ፣ ግን ረጅም ቅዳሴ ሙሉ ቆሞ ማስቀደስ ስድስት ሳምንት ያልሞላው ጉልበት የሚችለው አይደለም፣ ቁጭ በሉ።

ስራ፣ መኪና፣ ኳስ መቼ?

ቢሮ ከሆነ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ እግር መዘርጊያ ካለ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሰራ፣ ሸክም ላለበት፣ ወር እስከ ሶስት ወርና ከዛ በላይ። መኪና፣ ቀኝ እግር ከሆነ ፍሬን ሳትሰጉ እስክትረግጡ አትንዱ፣ ማይክሮፍራክቸር ከሆነ ክራንቹን እስክትጥሉ ማለት ነው። በሚኒባስ መጓዝ በክራንች ግፊያ ውስጥ አደጋ ነው፣ ለፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ የራይድ ብር በበጀታችሁ ያዙ፣ ኦፕራሲዮኑ ላይ ሁሉንም ጨርሶ ለክትትሉ የሚያጣ ሰው ብዙ ነው።

ኳስ፣ ተከርክሞ ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ተሰፍቶ ከሆነ ከ4 እስከ 6 ወር፣ ማይክሮፍራክቸር ከ6 እስከ 9 ወር፣ ሴል ከሆነ አመት ገደማ። ቀኑ ብቻ አይበቃም፣ የሁለቱን እግር ጭን በሜትር ለኩ፣ የታመመው አሁንም ከቀጠነ ገና ነው። በአንድ እግር ዘላችሁ ሳትንገዳገዱ ካላረፋችሁም ገና ነው።

ምን ሳይ ነው ወደ ሆስፒታል የምሮጠው?

ባት ካበጠና ሲነኩት ካመመ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይ ደረት ከወጋ፣ ይሄ ደቂቃ አይሰጥም። ትኩሳት 38 ካለፈና ጉልበቱ ከቀላ፣ ከጋለ፣ ከቀዳዳው መግል ከመጣ። ህመሙ እየቀነሰ ቆይቶ እንደገና እየጨመረ ከሄደ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የምትወስዱ፣ ከዚህ በፊት ደም የረጋባችሁ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ተናገሩ፣ መከላከያ መርፌ ሊታዘዝላችሁ ይችላል።

ህንድ ሄጄ ልሰራ ነው፣ መቼ ነው የምመለሰው?

የመመለሻ ትኬቱን በሶስተኛው ቀን አትቁረጡ። ረጅም በረራ ከኦፕራሲዮን ጋር ሲደመር ደም የመርጋት አደጋውን ከፍ ያደርገዋል፣ የሰራችሁ ሀኪም ቀኑን ይንገራችሁ፣ ቢያንስ ስፌቱ ወጥቶ ቢሆን ጥሩ ነው። አውሮፕላን ላይ መተላለፊያው ጋ ያለ ወንበርና ዊልቸር አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ውሃ ጠጡ፣ ቁርጭምጭሚት አንቀሳቅሱ። የኦፕራሲዮኑን ወረቀት በእጅ ሻንጣ፣ የማገገሚያ ፕሮግራሙን ጭምር፣ ሻንጣ ውስጥ ከተው ሻንጣው የቀረባቸው ሰውዬ እኔ ጋ የመጡት "ህንዱ ጎበዝ ነው" የሚል መረጃ ብቻ ይዘው ነው።

ኤርፖርት ላይ ጉልበቴ ይጮሃል?

ብረት ካልገባላችሁ አይጮህም፣ ሚኒስከስ ሲከረከምም ማይክሮፍራክቸር ሲሰራም ውስጥ የሚቀር ብረት የለም፣ የሚኒስከስ ስፌቱም ክር ነው። የሚጮኸው ክራንቹ ነው።